ክፍት ትምህርትና የተዘጉ ገለጻዎች

«ክፍት ትምህርት» የሚለው አነጋገር ዛሬ በየስብሰባውና በየሪፖርቱ ስለሚነገር ትርጉሙ ለሁሉም የተገለጠ ይመስላል። የመመዝገቢያ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ የመግቢያ ፈተና የሌለበት፣ ማንኛውም ሰው ባለበት አገር ሆኖ በኢንተርኔት አማካይነት ሊከታተለው የሚችል ትምህርት ማለት ነው። ይሁን እንጂ የበሩ መከፈት አንድ ጉዳይ ሲሆን፣ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ለማን እንደሚመች ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው። ጽሑፍ ያልታከለበት የቃል ገለጻ መስማት ለተሳነው ሰው፣ በፎቶግራፍ መልክ የተነሣ የንባብ ጽሑፍ ለዓይነ ስውር፣ በማውስ ብቻ የሚመለስ የፈተና ጥያቄ እጁ እንደ ልቡ ለማይታዘዝለት ሰው፣ ምንም እንኳ ያለ ዋጋ ቢቀርቡ አይደረስባቸውም።

ይህ ጥያቄ በፍርድ ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃ በሰፊው የተመረመረው በአሜሪካ ነው። በዚያው አገር በ2017 ከታወቁት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ ሺህ የሚበልጡ የድምፅና የቪዲዮ ገለጻዎቹን ሕዝብ እንዳያያቸው ዘጋ። ለመሆኑ ምን ተጠይቆ ነው የተዘጉት? የጠየቀውስ ማን ነው? ጉዳዩ በሰው አገር የተፈጸመ ቢሆንም፣ ትምህርት በኢንተርኔት ለማቅረብ በመዘጋጀት ላይ ላለን ባለሙያዎች ቅርብ ስለሆነ ከሥር መሠረቱ መመልከቱ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ከሩቅ ማስተማር ከኢንተርኔት እጅግ የቀደመ ሥራ ነው። ከቀደምቶቹ መካከል በተለይ ሊታወሱ የሚገባቸው ዊልያም ሃድሊ ናቸው። ሃድሊ በቺካጎ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበሩ ሲሆን፣ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ብሬልን በራሳቸው ጥረት ከተማሩ በኋላ፣ እንደ እርሳቸው በጎልማሳነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ከቤታቸው ሳይርቁ ይህንኑ የሚማሩበት መንገድ አለመኖሩን ተገነዘቡ። ስለዚህም በ1920 ከአንድ የዓይን ሐኪም ጋር ተባብረው በኢሊኖይ ግዛት በዊኔትካ ከተማ ለዓይነ ስውራን የተልእኮ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የመጀመሪያዋ ተማሪ በካንሳስ ግዛት የሚኖሩ የገጠር ሴት ነበሩ። ትምህርቱ ክፍያ አልነበረውም፤ ትምህርቱም መልሱም በፖስታ ይመላለስ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ለዓይነ ስውራን የሚላኩ የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ያለ ፖስታ ክፍያ እንዲመላለሱ አስቀድሞ በ1904 ፈቅዶ ስለነበር፣ መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ቆይቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስሙን እያሻሻለ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል።

በሃድሊ ሥራ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚስበው ነገር፣ አስተማሪውና ተማሪው ተመሳሳይ ችግር የነበረባቸው መሆኑ ነው። ትምህርቱ በብሬል የተዘጋጀው በኋላ አቤቱታ ስለቀረበ አልነበረም፤ አዘጋጁ ራሳቸው በሌላ መንገድ ሊያነቡት ስለማይችሉ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጡት ታላላቅ የክፍት ትምህርት ሥራዎች ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ አልተደገመም።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ለመግቢያ የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀም። ሠራተኛውም የቤት እመቤቲቱም በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ፣ በፖስታ በሚደርሳቸው መጽሐፍም ዲግሪ ሊያገኙ ቻሉ። በብዙ አገሮች አርአያ ሆኖ የተወሰደውም ይኸው ነው። ሆኖም አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ በመጣ ቁጥር አንዱን ወገን ሲያቀርብ ሌላውን ማራቁ አልቀረም። ሬዲዮ ለዓይነ ስውሩ ሲመች መስማት ለተሳነው ምንም አይነግረውም፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ለሁለቱም ግማሽ ትምህርት ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ተናጋሪው የሚለውን በምስሉ ግርጌ በጽሑፍ ማሳየት ነበር። በ1972 የቦስተኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደብልዩ.ጂ.ቢ.ኤች. የጁሊያ ቻይልድን የምግብ አሠራር ትምህርት በግርጌ ጽሑፍ አቀረበ፤ ይህም በአሜሪካ አገር አቀፍ ስርጭት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1993 አጋማሽ ጀምሮ በዚያ አገር የሚሸጥ ማንኛውም 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ይህን ጽሑፍ የሚያወጣ መሣሪያ በውስጡ እንዲኖረው ታዘዘ። የጣቢያውን ከተማ እዚህ ላይ መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዶሮ ወጥ የሚሠራን ሰው ቃል ወደ ጽሑፍ መለወጥ እንደሚቻል በ1972 በተግባር ከታየበት ከቦስተን በወንዝ ብቻ ተለይተው የሚገኙት ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ.፣ ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ በዚሁ ጉዳይ ተከሰዋል። (በእርግጥ ጁሊያ ቻይልድ የሠሩት የፈረንሳይ ምግብ እንጂ ዶሮ ወጥ አልነበረም።)

ከክሱ በፊት ግን ወደ በርክሌይ መሻገር ያስፈልጋል። በ1962 ኤድ ሮበርትስ የሚባሉ ወጣት በዚያ ዩኒቨርሲቲ ለመማር መጡ። በልጅነታቸው በያዛቸው የፖሊዮ በሽታ ምክንያት ከአንገታቸው በታች አብዛኛው አካላቸው የማይንቀሳቀስ ሲሆን፣ ሌሊት የሚተኙት «የብረት ሳንባ» በሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ነበር። ይህን የሚያህል ከባድ መሣሪያ የሚችል የተማሪዎች መኖሪያ ስላልተገኘ፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ትምህርታቸውን ተከታተሉ። እርሳቸውን የመሰሉ ሌሎች ተማሪዎች ተከተሏቸው። በ1972 የአካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ድርጅት በከተማይቱ ተቋቋመ፤ በእነርሱ ጥያቄም የእግረኛ መንገዶች ጠርዝ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች በየማዕዘኑ እየተቆረጠ ዝቅ ተደረገ። በ1975 ሮበርትስ፣ ቀደም ሲል «ይህ ሰው ሥራ ሊሠራ አይችልም» በማለት እርዳታ ነፍጓቸው በነበረው በካሊፎርኒያ ግዛት የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1977፣ ከመቶ የሚበልጡ የአካል ጉዳተኞች በጎረቤት ከተማ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንጻ ገብተው ሃያ አምስት ቀን ያህል ሳይወጡ ቆዩ። ጥያቄያቸው በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ፣ በተለይም ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት ማንንም እንዳይለይ የሚከለክለው አንቀጽ 504፣ በሥራ ላይ የሚውልበት ደንብ እንዲፈረም ነበር። የሕንጻው ስልክ በተቆረጠ ጊዜ መስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች በመስኮት ቆመው ውጪ ላሉት በምልክት ቋንቋ መልእክት አስተላልፈዋል። ደንቡ በወሩ መጨረሻ ተፈረመ። በ1990 የወጣው ሰፊው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግም የዚህ ትግል ተከታይ ነው። በርክሌይ በአካል ጉዳተኞች መብት ታሪክ ውስጥ ያለው ስም ይህን የመሰለ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የምንተርከው ነገር በዚያ ስፍራ መፈጸሙ ብዙዎችን አስገርሟል።

የኢንተርኔት ክፍት ትምህርት ታሪክ አጭር ነው። ኤም.አይ.ቲ. የኮርሶቹን ጽሑፎች ለዓለም ሕዝብ በነጻ ለማቅረብ መወሰኑን በ2001 አስታወቀ። በርክሌይ በ2007 ሙሉ የኮርስ ገለጻዎችን በዩቲዩብ ማውጣት ጀመረ። በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የሰጡትን ኮርስ ሃያ አምስት ያህል ተማሪዎች ከፍለው ሲማሩ፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በነጻ ተከታተሉት፤ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል «ሙክ» የሚባለው የብዙኃን ክፍት ኮርስ ስሙን ያገኘው በዚያን ጊዜ ነው። በ2011 በስታንፎርድ የተሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160,000 ያህል ሰዎችን አስመዘገበ። በ2012 ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. በጋራ ኤዴክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በርክሌይም በዚያው ዓመት ተቀላቀለ። የዚያን ዘመን ጽሑፎች ያነበበ ሰው የነበረውን የደስታ መንፈስ ያስታውሳል። ዕውቀት ከግንብ አጥር ወጣ፤ የድሀ አገር ልጅ ከሃርቫርድ ተማሪ እኩል ሆነ ይባል ነበር። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ገለጻዎቹን የሚያነብ እንጂ የማይሰማ ሰው ምን እንደሚያገኝ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ጥያቄውን ያነሡት በዋሽንግተን የሚገኘው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ናቸው። ጋላውዴት በ1864 በፕሬዚዳንት ሊንከን ፊርማ ዲግሪ የመስጠት ፈቃድ ያገኘ፣ መስማት ለተሳናቸው የቆመ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ነው። በ2014 ሁለት ሠራተኞቹ፣ ከ1880 ጀምሮ በቆየው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር አማካይነት፣ የበርክሌይ ነጻ ኮርሶችና ገለጻዎች ስላልተጻፉ ልንጠቀምባቸው አልቻልንም ሲሉ ለአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አቤት አሉ። በየካቲት 2015 ይኸው ማኅበር በሃርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. ላይ በማሳቹሴትስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር ብዙዎቹ ቪዲዮዎች የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆን ማሽን የጻፈው በስሕተት የተሞላ ስለሆነ ትርጉም አይሰጥም የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ መንግሥት ስለ ኢንተርኔት ዝርዝር ደንብ እስኪያወጣ ድረስ ፍርድ ቤቱ ክሱን እንዲዘጋው ወይም እንዲያቆየው ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ይህን ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ።

ኤዴክስ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ጥፋት መፈጸሙን ባያምንም፣ በሚያዝያ 2015 ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር ተስማምቶ ድረ ገጹንና የስልክ ፕሮግራሞቹን በ18 ወር ውስጥ ዓለም አቀፉ የድር ማኅበር በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት ለማስተካከል ቃል ገባ። ስምምነቱ ስለ መድረኩ እንጂ በመድረኩ ላይ ስለሚወጣው ትምህርት ይዘት የሚናገረው ጥቂት ነበር፤ ይዘቱ የየዩኒቨርሲቲው ኃላፊነት ነው። ክርክሩም በቀረው በዚህ በኩል በረታ።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ ስለ በርክሌይ የደረሰበትን ውጤት በነሐሴ 2016 መጨረሻ በደብዳቤ አስታወቀ። መርማሪዎቹ ከኮርሶቹና ከዩቲዩብ ገለጻዎቹ ናሙና ወስደው ተመልክተው ነበር። የግርጌ ጽሑፍ የሌላቸው ወይም በማሽን ብቻ የተጻፈላቸው ቪዲዮዎች፣ ምን እንደሚያሳዩ በቃል ያልተገለጹ ሥዕሎችና ሰንጠረዦች፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም ሊያነባቸው የማይችል ሰነዶች፣ ከመደቡ ቀለም ጋር የተመሳሰሉ ፊደላት መገኘታቸውን ደብዳቤው ዘረዘረ። ዩኒቨርሲቲው ለመምህራን መመሪያና የባለሙያ ምክር እንዳዘጋጀ፣ ነገር ግን መምህራኑ በሥራ ላይ ማዋላቸውን የሚቆጣጠርበት አሠራር እንዳልነበረውም ጠቅሷል። በትምህርት ተቋም ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም። መመሪያው በመደርደሪያ ላይ አለ፤ የሚጠይቅ ኃላፊ የለም።

ሚኒስቴሩ የጠየቀው ዩኒቨርሲቲው ገለጻዎቹን እንዲያስተካክል ነበር። በመጋቢት 2017 መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ግን ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ የቆዩት ገለጻዎች በሙሉ ከሕዝብ እይታ እንደሚነሡ የሚያስታውቅ ሆነ። በማስታወቂያው የማስተካከያው ግዴታ፣ የመምህራኑን የፈጠራ መብት ከሚዘርፉ ሰዎች መጠበቅና ወደፊት አዲስና ተደራሽ ትምህርት በማዘጋጀት ላይ ማተኰር በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። ገለጻዎቹ አልጠፉም፤ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ ያለው ሰው በይለፍ ቃል ገብቶ ሊያያቸው ይችል ነበር። በዚህም ውሳኔ ለዓለም ሁሉ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት እንደ ጥንቱ ለግቢው ሰዎች ብቻ የሚያገለግል ሆነ። በነሐሴና በመጋቢት መካከል ስለ ነገሩ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ገለጻዎቹን ገልብጠው በሌላ የኢንተርኔት ስፍራ አኖሩ፤ የግርጌ ጽሑፍ ግን እዚያም አልተጨመረላቸውም።

ቁጣ በየአቅጣጫው ተነሣ። አብዛኛውም ያረፈው በአቤት ባዮቹ ላይ ነበር። «ሁለት ሰዎች መስማት ስላልቻሉ ሚሊዮኖች ለምን ይከልከሉ?» የሚል ክርክር በብዙ ጋዜጦችና መድረኮች ቀርቧል። ክርክሩ ሲሰሙት ሚዛን ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠየቀውንና የተደረገውን ያምታታል። የተጠየቀው ጽሑፍ ነው፤ መዝጋቱ የተቋሙ ምርጫ ነበር። የበርክሌይን ችግር አቃልሎ ማየትም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ገለጻ ቃል በቃል በጥንቃቄ ለመጻፍ የብዙ ሰዓት ሥራ ያስፈልጋል። የሒሳብና የኬሚስትሪ ገለጻ ሲሆን ደግሞ ጸሐፊው ትምህርቱን የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህ በሃያ ሺህ ሲባዛ የግዛቱ መንግሥት ድጎማ ለቀነሰበት ዩኒቨርሲቲ ቀላል ወጪ አይደለም። ጸሐፊው እንደሚያምነው ግን ወጪውን ያከበደው ሕጉ ሳይሆን ጊዜው ነው። ገለጻዎቹ በየሳምንቱ ሲቀዱ በየሳምንቱ ቢጻፉ ኖሮ፣ ዋጋው የቀረጻው ሥራ አንድ ክፍል ሆኖ ሳይታወቅ ባለፈ ነበር። አሥር ዓመት የተጠራቀመ ሥራ በአንድ ደብዳቤ ሲጠየቅ ማንኛውንም ሒሳብ ሹም ያስደነግጣል። በዚያች ከተማ የእግረኛ መንገዶችን ጠርዝ የቆረጡ ሠራተኞችም የፈሰሰና የደረቀ ሲሚንቶ መስበር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያውቁ ነበር።

አርክቴክቱ ሮናልድ ሜስ በ1980ዎቹ «ሁለንተናዊ ንድፍ» ያሉት አስተሳሰብ ይህንኑ ይመለከታል፤ ሕንጻ ሲነደፍ ከመጀመሪያው ለተለያየ ሰው ሁሉ እንዲመች ሆኖ ይነደፍ የሚል ነው። በ1984 በማሳቹሴትስ የተቋቋመ ካስት የተባለ ድርጅት ሐሳቡን ወደ ማስተማር ሥራ አዛውሮታል። በየአገሩ የአካቶ ትምህርት ሥልጠናዎች ላይ የሚጠቀሰው መርሕ ከዚያ የመጣ ነው።

የክሱ ፍጻሜ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሃርቫርድ በኅዳር 2019፣ ኤም.አይ.ቲ. በየካቲት 2020 ከማኅበሩ ጋር ተስማሙ። አዲስ የሚወጡ ቪዲዮዎች ደረጃውን የጠበቀ የግርጌ ጽሑፍ እንዲኖራቸው፣ ያልተጻፈለት የቀድሞ ቪዲዮ ሲጠየቅ ሃርቫርድ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያስጽፍ ተወሰነ። ስምምነቱ ከተፈረመ በወራት ውስጥ የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ የዓለም ትምህርት ሁሉ በቪዲዮ ሆነ። በርክሌይም በኅዳር 2022 ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር በፍርድ ቤት የሚጸድቅ ስምምነት አድርጎ፣ ለሕዝብ የሚያቀርባቸውን የኢንተርኔት ትምህርቶች ተደራሽ ለማድረግ ግዴታ ገባ። ከአቤቱታው እስከዚህ ቀን ስምንት ዓመት አልፏል።

በዚህ መካከል ማሽኑም ተሻሽሏል። ዩቲዩብ በ2009 ንግግርን በራሱ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት ሲጀምር ከዋነኞቹ ሠሪዎች አንዱ መስማት የተሳናቸው ኢንጂነር ኬን ሃረንስቲን ነበሩ። እንደ ሃድሊ ሁሉ እዚህም ሠሪው ራሱ ተጠቃሚ ነው። አገልግሎቱ በመጀመሪያ ለእንግሊዝኛ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ የፍርድ ቤቱ ክርክር እንዳሳየው ለትምህርት የሚበቃ ጥራት ለማግኘት ያለ ሰው እርማት አልተቻለም። በዓይነ ስውራን በኩልም በ2006 ሁለት አውስትራሊያውያን ዓይነ ስውራን የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. የተባለ ፕሮግራም መሥራት ጀምረው ለዓለም ሁሉ በነጻ አበርክተዋል።

ይህ ፕሮግራም ወደ እኛ አገር ሰነዶች ሲመጣ የሚገጥመው እንቅፋት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በ2010 አጽድቃለች። ለዓይነ ስውራን የሚሆን የመጽሐፍ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ የሚያስችለውን የማራኬሽ ስምምነትም በ2020 ተቀብላለች። ስለሆነም ከሕጉ በኩል ያለው በር ተከፍቷል። ነገር ግን ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይተየብ የነበረው የላቲን ፊደላትን ኮድ ተውሰው የግዕዝ ፊደል መልክ በሚያሳዩ ፎንቶች ነበር። ለሚያይ ሰው ጽሑፉ አማርኛ ነው። ለንባብ ፕሮግራሙ ግን የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ክምር ስለሆነ ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። ከእነዚህ ሰነዶች ብዙዎቹ ሞጁሎች፣ የማስተማሪያ ጽሑፎችና የተመራቂዎች ጥናቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ በስካነር ተነሥተው እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጠዋል። እንደነበሩ ወደ ኢንተርኔት ቢወጡ የበርክሌይ መርማሪዎች ያገኙት ጉድለት በእነርሱም ላይ ይገኛል።

ፎንቱን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተለወጠ በኋላ ግን የፊደል እርማት የሚያደርግ ዓይን ያለው ሰው ያስፈልጋል። የትኞቹ ሰነዶች ይህ ሥራ እንደሚያስፈልጋቸው ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ከሰነዱ አንድ አንቀጽ ቀድቶ ያ አሮጌ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ መለጠፍ ይበቃል። አንቀጹ በአማርኛ ከታየ የንባብ ፕሮግራሙ ሊያገኘው ይችላል፤ ወደ ላቲን ምልክቶች ከተለወጠ፣ ወይም ጭራሹን ሊቀዳ ካልቻለ፣ ሰነዱ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ገና አልተጻፈም።